የእናቴ መቀነት

እናቴ ከቢቸና አዲስ አበባ ስትመጣ መንገድ ላይ ውሃ አትጠጣም። ምሳ ሰዓት ላይ አውቶቡሱ ይቆማል። ተሳፋሪው ወርዶ ይበላል፣ ይጠጣል። እሷ ወንበሯ ላይ ቁጭ ትላለች። “መኪና አይስማማኝም” ትለናለች። ስድስት ልጆች ነን። ስድስታችንም አምነናት ኖርን። የዓባይን በረሃ በዚያ ሙቀት፣ በደረቅ ጉሮሮ፣ ስንት ጊዜ ወርዳ ስንት ጊዜ እንደወጣች አሁን ሳስበው አንጀቴ ይላወሳል።

አምና ጥቅምት ላይ የመጣችው አራስ ልትጠብቅ ነው። ታናሽ እህቴ ወልዳ ነበር። የመጀመሪያ ልጇ ነው። ቤቱ በገንፎና በቅቤ ሽታ ተሞልቷል። ጠያቂ ይገባል፣ ጠያቂ ይወጣል። “እንኳን ማርያም ማረችሽ” ይባላል።

ስለ እህቴ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ማርገዟን የነገረችን በሁለተኛው ወር ነው። በማግስቱ መሥሪያ ቤት ሻይ ስንጠጣ “እህቴ ክትትል የት ትጀምር?” ብዬ ጠየቅሁ። ሻዩ ሳይቀዘቅዝ የአራት ሐኪም ስም በእጄ ገባ። “እሱ ጋ ትሂድ፣ እጁ መድኃኒት ነው” አለች አንዷ። “እሷ ትንሽ ቁጡ ናት፣ ግን አትሳሳትም” አለች ሌላዋ። “ያኛው ቶሎ ኦፕራሲዮን ይላል፣ ተጠንቀቁ” አለ አንድ ወንድ ባልደረባችን፣ ሚስቱን አስታውሶ። ማንም ድምፁን ዝቅ አላደረገም። የወለዱት የወለዱበትን፣ ያልወለዱት የሰሙትን ተናገሩ። እህቴ ከአራቱ አንዷን መረጠች። በሰላም ወለደች።

ይህንን ያዙልኝ። ወደኋላ እመለስበታለሁ።

እማዬ በመጣች በሳምንቷ ይመስለኛል፣ ማታ ልብስ ላወርድ ጓሮ ወጣሁ። ከሮቶው ጀርባ፣ ሰው በማያይበት በኩል፣ ቀጭን ገመድ ተወጥሯል። ገመዱ ላይ ጨርቆች ተሰጥተዋል። ከአሮጌ ነጠላ የተቀደዱ ናቸው። ሁሉም እኩል ናቸው፣ በጥንቃቄ ታጥበዋል። መጀመሪያ የሕፃኑ መስለውኝ ነበር። ግን እህቴ ለልጇ ዳይፐር ነው የምትጠቀመው። የእህቴ ደግሞ ሞዴስ ነው። እዚያ ቤት ውስጥ ሌላ ሴት ያለነው እኔና እማዬ ነን።

ገብቼ አጠገቧ ተቀመጥሁ። ሕፃኑን ታቅፋ ነበር። ቀስ ብዬ ጠየቅኋት።

“ወገቤን ነው” አለች።

“ወገብ ጨርቅ አያስፈልገውም፣ እማዬ።”

ዝም አለች። ልጁን ከአንዱ ክንዷ ወደ ሌላው አዛወረችው። ከዚያ ፊቷን ሳታዞር “ወጥቷል” አለች።

“ምኑ?”

“እሱ።”

“ከመቼ ወዲህ?”

“ከመጨረሻው ልጅ ወዲህ።”

የመጨረሻው ልጅ ወንድሜ ነው። ያኔ 22 ዓመቱ ነበር።

ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። እማዬ ዘጠኝ ወልዳ ስድስት አሳድጋለች። ዘጠኙንም የወለደችው ቤት ነው። ወንድሜን ስትወልድ አጨዳ ደርሶ ነበር። በሁለተኛው ሳምንት ከአራስ ቤት ወጥታ ውሃ ቀዳች፣ ነዶ ተሸከመች። “የሚረዳኝ አልነበረም” አለችኝ፣ ማንንም ሳትከስ። አንድ ቀን ከምንጭ ስትመለስ የሆነ ነገር ወደ ታች ሲወርድ ተሰማት። መጀመሪያ ስትተኛ ይመለሳል። በኋላ በእጇ ትመልሰዋለች። በኋላ ደግሞ መመለሱን ተወች።

መቀነቷ ትዝ አለኝ። እማዬን ያለ መቀነት አይቻት አላውቅም። ስትተኛም አትፈታውም። ወገቧን ደጋግማ ትጠመጥመዋለች፣ ጥብቅ አድርጋ። ልጅ ሆኜ የእናቴ ጉልበት እዚያ ውስጥ ያለ ይመስለኝ ነበር። ለካ ራሷን የምትደግፍበት ነው።

ይህ ሕመም ስም አለው። የማህፀን መውጣት ይባላል፤ የማህፀን መንሸራተት የሚሉትም አሉ። ማህፀን ባለበት የሚቆየው ከታች በሚደግፉት ጡንቻዎችና ከጎንና ከጎን በሚይዙት ጅማቶች ነው። ብዙ መውለድ፣ የረዘመ ምጥ፣ በወሊድ ማግስት ከባድ ነገር መሸከም፣ የማያቋርጥ ሳልና የሆድ ድርቀት እነዚህን ያላላሉ። የወር አበባ ሲቋረጥ ሰውነት ኢስትሮጅን የሚባለውን ሆርሞን ስለሚቀንስ ይብሱን ይደክማሉ። ያኔ ማህፀኑ ይወርዳል። ብዙ ጊዜ የሽንት ፊኛውንም ይዞ ነው የሚወርደው። ሴትዮዋ ስታስል፣ ስትስቅ፣ ስትነሣ ሽንት ያመልጣታል። ወይም ተቃራኒው ይሆናል፤ ሽንቱ አልወጣ ይላል፣ ተጠራቅሞ ወደ ኩላሊት ይመለሳል። እማዬ መንገድ ላይ ውሃ የማትጠጣው ለዚህ ነው።

22 ዓመት ሙሉ ሕክምና አልሄደችም ማለት አይደለም። ሄዳለች። ጤና ጣቢያ “ወገቤን” ስትል የሕመም ማስታገሻ ሰጧት። “ሽንቴን ያቃጥለኛል” ስትል አንቲባዮቲክ ሰጧት። “ኩላሊት ነው” አሏት። ጠበልም ገብታለች። የነገረቻቸውን ነው ያከሟት። “ማህፀኔ” የሚለው ቃል ከአፏ አልወጣም፤ ማንም ደግሞ “ማህፀንዎስ?” ብሎ አልጠየቃትም። በየቤቱ የምትዞር የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ በቀበሌያችን አለች። ለእሷ ለምን እንዳልነገረቻት ጠየቅኋት።

“ለክርስትና ልጄ? እንዴት ብዬ?”

በእሷ ዘመን የማህፀን ሐኪም የሚባል ሰው ሕይወቷ ውስጥ የሚገባበት በር አልነበረም። በ2008 በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እንኳ ከ100 ወሊዶች በጤና ተቋም የተከናወኑት 26ቱ ብቻ ነበሩ። እማዬ የመጨረሻ ልጇን የወለደችው ከዚያ በፊት ነው። ታዲያ ዘጠኝ ጊዜ አምጣ አንድ ቀን እንኳ “እስቲ ልይሽ” የሚላት ባለሙያ ብታጣ ምን ይገርማል?

እና ፍለጋ ጀመርኩ። እማዬ አንድ ቅድመ ሁኔታ ብቻ አስቀመጠች። “ሴት ከሆነች እሄዳለሁ።”

ያው መሥሪያ ቤት፣ ያው የሻይ ሰዓት። “ጎበዝ የማህፀን ሐኪም የምታውቁ?” አልኩ።

ዝም። አንዷ ስኳሯን ማማሰል ጀመረች። ሌላዋ ሆዴን ሰረቅ አድርጋ አየች። አንዱ ስልኩን አወጣ። እነዚያው ሰዎች ናቸው፣ ከጥቂት ወራት በፊት አራት ስም የደረደሩልኝ። የጠየቅሁትም ያንኑ ሐኪም ነው። የክሊኒኩ ታፔላ ላይ “የማህፀንና ጽንስ ስፔሻሊስት” ተብሎ ነው የሚጻፈው። ሁለት ቃል ነው። እኛ ግን “ጽንስ” የሚለውን ጮክ ብለን እንጠራና “ማህፀን” የሚለውን እንውጠዋለን። ሴት ልጅ ስታረግዝ ሐኪሟ የሁሉም ወሬ ነው። ሳታረግዝ ያን ሐኪም ከፈለገች ግን የሆነ ነገር ሆናለች። ምናልባት መክናለች። ምናልባት አስወርዳለች። ምናልባት ባሏ የሆነ ነገር አምጥቶባታል። ይህን ሁሉ ማንም አይናገረውም። ስኳር ነው የሚማሰለው።

ወደ ቢሮዬ ስመለስ ደረጃው ላይ አንዲት ባልደረባዬ ደረሰችብኝ። ክንዴን ያዘችኝ።

“ለማን ነው?”

“ለእናቴ።”

“የእኔም እናት ነበረባት” አለችኝ። ስሙን እንኳ አልነገርኳትም። ገብቷታል።

የመጀመሪያዋን ክሊኒክ በእሷ ጥቆማ አይደለም ያገኘሁት፤ እሷ እናቷን ሳታሳክም ነው ያጣቻት። ክሊኒኩን መንገድ ላይ ታፔላውን አይቼ ነው የገባሁበት። ሐኪሟ ሴት ናት። ቀን የመንግሥት ሆስፒታል ትሠራለች፣ ከ11 ሰዓት በኋላ እዚያ ትገባለች። ደስ አለኝ። የእማዬ ቅድመ ሁኔታ ተሟላ።

ካርድ አወጣን። ተራ ጠበቅን። ገባን። ሐኪሟ ቀና ብላ እኔን አየችና “ምኗን ነው የሚያማት?” አለችኝ። ነገርኳት። “ዕድሜዋ?” ነገርኳት። “ስንት ወልዳለች?” ነገርኳት። ከመጋረጃው ጀርባ አስተኝታ አየቻት። ሁለት ደቂቃ ቢሆን ነው። እጇን እየታጠበች “በዚህ ዕድሜ ማህፀን ምን ያደርግላታል? እናወጣዋለን” አለች። ለእኔ ነው የምትለው። ከዚያ ዋጋ ጠራች።

ልብ በሉ፣ ነገሩ በሕክምና ስህተት ነው እያልኩ አይደለም። ማህፀኑን አውጥቶ የላላውን መጠገን የታወቀ ሕክምና ነው። እማዬም ኋላ ላይ የተደረገላት ይኸው ነው። ያመመኝ ሌላ ነገር ነው። ማታ ቤት ገብተን እማዬ ነጠላዋን እያጠፈች እንዲህ አለችኝ።

“ሴትዮዋ እኮ ያወራችው ከአንቺ ጋር ነው። እኔ የት ነበርኩ?”

ከዚያ በኋላ ሐኪም ቤት አልሄድም አለች። “22 ዓመት ኖሬበታለሁ፣ የቀረውንም እኖርበታለሁ።” እኔ ደግሞ ማታ ማታ ስልኬ ላይ ያነበብኩትን እነግራታለሁ። ጡንቻው እንዴት እንደሚላላ። የትኛው እንቅስቃሴ እንደሚያጠነክረው። ስንት ደረጃ እንዳለው። አንድ ቀን ዝም ብላ ሰማችኝና “ለእናቷ ምጥ አስተማረች አሉ” አለች። እህቴ ከአራስ አልጋዋ ሆና ሳቀች። እማዬም ሳቀች። ሳቋ መሀል ላይ ቆመ። ተነሥታ ወደ መታጠቢያ ቤት ሄደች። እህቴም አየች። ከዚያ በኋላ ሁለት ሆንን።

መንገዱን ያሳየችኝ አንዲት አዋላጅ ነርስ ናት፣ የትምህርት ቤት ጓደኛዬ። ደውዬ ሁሉንም ነገርኳት። “ጎበዝ ሐኪም ማነው ብለሽ አትጠይቂ” አለችኝ። “ጎበዞች ብዙ ናቸው። ይህንን ሥራ በየሳምንቱ የሚሠራው ማነው ብለሽ ጠይቂ።”

ይህን የሚያህል ምክር አላገኘሁም። እኔ የማህፀን ሐኪም ሁሉ አንድ ይመስለኝ ነበር። አይደለም። ጠቅላላ ሐኪም ከሆኑ በኋላ አራት ዓመት ተምረው ነው የማህፀንና ጽንስ ስፔሻሊስት የሚሆኑት። ከዚያም በኋላ የሚቀጥሉ አሉ። አንዱ መካንነት ላይ ያተኩራል። አንዷ የማህፀን ካንሰር ላይ። ሌላው አደገኛ እርግዝና ላይ። የማህፀን መውጣትና የሽንት ማምለጥ ላይ የሚያተኩሩም አሉ፤ ሙያው ዩሮጋይኒኮሎጂ ይባላል፣ እዚሁ አገራችን ይሠለጥናሉ። ለእርግዝና ክትትል ወርቅ የሆነ ሐኪም የእናቴን ዓይነት ቀዶ ሕክምና በዓመት አንዴ ብቻ ሊሠራ ይችላል። ጥፋት አይደለም። ግን ማወቅ አለብን።

ጓደኛዬ የሃምሊንንም አነሣችልኝ። ሃምሊን ሲባል ብዙዎቻችን የምናውቀው ፊስቱላን ነው። ዶክተር ካትሪን ሃምሊንና ባለቤታቸው ዶክተር ሬጅናልድ በ1951 ዓ.ም ከአውስትራሊያ መጥተው በልዕልት ፀሐይ ሆስፒታል ሥራ ጀመሩ። የአዲስ አበባ ፊስቱላ ሆስፒታልን ያቋቋሙት እ.ኤ.አ. በ1974 ነው። ዶክተር ካትሪን መጋቢት 2012 ዓ.ም በ96 ዓመታቸው እስኪያርፉ ድረስ ኑሯቸው እዚሁ ነበር። ታካሚ ሆና ገብታ፣ መደበኛ ትምህርት ሳይኖራት፣ እዚያው ቀዶ ሕክምና ተምራ ሌሎችን ያዳነችው ማሚቱ ጋሼም የዚያ ቤት ልጅ ናት። ሕክምናው በነፃ ነው። ከአዲስ አበባ ውጭም ባሕር ዳር፣ መቀሌ፣ ይርጋለም፣ ሐረርና መቱ ማዕከላት አሏቸው። ከፊስቱላ ሌላ የማህፀን መውጣትንም ያክማሉ። ከአዲስ አበባ ይልቅ ለእኛ ቀበሌ የሚቀርበው ባሕር ዳር ነው።

ለእማዬ ስነግራት ደነገጠች። “እሱ ሽንታቸው ለሚፈስ ነው። እኔ አይፈስብኝም።” እሷም እኮ የምታውቀው ነገር አለ። በአካባቢያችን ፊስቱላ የያዛት፣ ባሏ የተዋት፣ ጓዳ ውስጥ ብቻዋን የኖረች ሴት አይታለች። ስሟ ከዚያች ሴት ስም ጋር እንዲነሣ አልፈለገችም። ልዩነቱን አስረዳኋት። ፊስቱላ በረዘመ ምጥ በሽንት ፊኛና በብልት መሀል የሚፈጠር ቀዳዳ ነው። የእሷ ቀዳዳ አይደለም፣ መውረድ ነው። “ቢሆንም” አለች። አላስገደድኳትም።

በመጨረሻ የሄድነው አዲስ አበባ ውስጥ አንድ የመንግሥት ሆስፒታል ነው። ጓደኛዬ በሳምንት ስንት ቀን ይህን ብቻ የሚያዩ ሐኪሞች እንዳሉ አጣርታ ነገረችን። ተራው ረጅም ነው። ሌሊት 11 ሰዓት ነው በር ላይ የተሰለፍነው። ስለ ተራው ብዙ አልጽፍም፤ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ።

በሩ ሲከፈት የተቀመጠው ወንድ ነው። ወጣት ነው፣ የታላቅ ወንድሜ እኩያ ቢሆን ነው። እማዬ በሩ ላይ ቆመች። እኔን አየችኝ። ዓይኗ “እንመለስ” ይላል።

ሐኪሙ ከወንበሩ ተነሣ። “ይግቡ እናቴ” አለ። ወንበሩን ራሱ ሳበላት። ከጎኑ አንዲት ሲስተር አለች። እሱ ያየው እኔን አይደለም።

“እናቴ፣ ስንነጋገር ልጅዎ ትቀመጥ ወይስ ትውጣ?”

እማዬ አሰበች። “ትቀመጥ” አለች። “ፊቷን ግን ወደዚያ ታዙር።”

ወንበሬን ወደ ግድግዳው አዞርኩ። ግድግዳው ላይ ስለ ጡት ማጥባት የተለጠፈ ሥዕል አለ። ያን ሥዕል እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። ከኋላዬ ሁሉንም እሰማለሁ።

“ስንት ወልደዋል?”

“ዘጠኝ። ስድስቱ አሉ።”

“ለሦስቱ ነፍስ ይማር” አለ። ቆም አለ። ማንም ሐኪም ለእነዚያ ሦስት ልጆች ነፍስ ይማር ሲል ሰምቼ አላውቅም። እኔ ራሴም ብዬላቸው አላውቅም።

“ሲያስልዎት ሽንት ያመልጣል?”

“ያመልጣል።”

“የሚወርደው ሲቆሙ ብቻ ነው ወይስ ሁልጊዜ?”

“ሁልጊዜ ነው፣ ልጄ።”

“ልጄ” አለችው። ያኔ እዚህ እንደምንታከም አወቅሁ።

ለምርመራ ሲስተሯ ወደ መጋረጃው ወሰደቻት። ከዚያ ድምፁን ሰማሁት። መቀነቷን እየፈታች ነው። ሹ... ሹ... ሹ... አንድ ዙር፣ ሁለት ዙር። ረጅም ነው። ውጭ ሰው ተሰልፏል። ሐኪሙ አልተቁነጠነጠም። “አይቸኩሉ እናቴ” ብቻ አለ። ስትጨርስ ነው እጁን ታጥቦ የገባው። ምን ሊያደርግ እንደሆነ እያንዳንዷን ነገር ከማድረጉ በፊት ነገራት። “አሁን እነካዎታለሁ።” “አሁን ያስሉልኝ።” “ካመመዎት በሉኝ፣ አቆማለሁ።”

ልብሷን ለብሳ ስትመለስ ፊቴን እንዳዞር ፈቀደችልኝ። ሐኪሙ የነጭ ጋዋኑን ኪስ ያዘ። “ይህ ኪስ ማህፀንዎ ነው እንበል” አለ። “ቦታው ውስጥ ነው። የያዘው ስፌት ሲላላ እንዲህ ይሆናል።” ኪሱን ቀስ አድርጎ ገልብጦ ወደ ውጭ አወጣው። “መርገምት አይደለም። እርስዎ ያጠፉት ነገር የለም። ስፌቱ ነው የላላው። ዘጠኝ ጊዜ ወልደው፣ እንስራ ተሸክመው፣ ባይላላ ነው የሚገርመው።”

እማዬ የተገለበጠውን ኪስ አየችው። ረጅም ጊዜ አየችው።

“ማህፀኔ” አለች። ከአፏ ስሰማው የመጀመሪያዬ ነበር።

ያሉትን አማራጮች አስረዳት። መጀመሪያ ላይ ያለች ሴት ሽንቷን እንደምትይዝ ሆና ጡንቻዋን በማጥበቅና በማላላት ብቻ ልትሻሻል ትችላለች። የእማዬ ግን ያንን አልፏል፤ የመጨረሻው ደረጃ ላይ ነው። የሲሊኮን ቀለበት አለ። ውስጥ ገብቶ ማህፀኑን ይደግፋል፣ በየጊዜው ወጥቶ ይታጠባል፣ ክትትል ይፈልጋል። ቀዶ ሕክምናም አለ። የእያንዳንዱን ጥቅምና ጣጣ ነገራት። “እኔ በእርስዎ ቦታ ብሆን” አላለም። “የቱን ይመርጣሉ?” አለ።

“ከቀዶ ሕክምናው በኋላ እንስራ እሸከማለሁ?”

“አይሸከሙም።”

“ጀሪካንስ?”

“ጀሪካንም።”

“ታዲያ ማን ይሸከማል?”

“ስድስት ልጆች አሉኝ አላሉም?” አለና እኔን አየኝ። በዚያ ሰዓት ውስጥ ሐኪሙ ወደ እኔ ያየው ያኔ ብቻ ነው።

ቀዶ ሕክምናውን መረጠች። ወዲያው አልተሠራላትም። ከጨርቁ ጋር ስለሚፋተግ ቆስሎ ነበር። ቁስሉ እስኪደርቅ ቅባት ታዘዘላት። ደሟ፣ ሽንቷና ኩላሊቷ ታየ፣ አልትራሳውንድ ተነሣች። ታኅሣሥ ላይ ከወገብ በታች ተደንዝዛ ተሠራላት። በሰላም ወጣች። ከባድ ነገር ለሦስት ወር እንዳታነሣ ታዘዘች፤ እንስራ ግን ለዘለዓለም። ሕፃኑን ማቀፍ ተከለከለችና በጣም ተበሳጨች።

እሷን ላስታምም ስመላለስ ኮሪደሩ ላይ አንድ ክፍል አየሁ። በሩ ላይ “የማህፀን በር ካንሰር ቅድመ ምርመራ” ይላል። በየቀኑ በዚያ በር አልፋለሁ። 37 ዓመቴ ነው። አልወለድኩም፣ አላረገዝኩም። ስለዚህ የማህፀን ሐኪም ጋ ሄጄ አላውቅም። እናቴን 22 ዓመት ዝም አልሽ ብዬ ሳዝንባት እኔም የራሴን ዝምታ ይዤ ነበር።

አራተኛው ቀን ላይ ገባሁ። በአገራችን ከሴቶች ካንሰር ከጡት ቀጥሎ ያለው የማህፀን በር ካንሰር ነው። ከ30 እስከ 49 ዓመት ያሉ ሴቶች ምርመራውን እንዲያደርጉ ይመከራል። የሚያስፈራ ነገር የለውም። የማህፀን በር ላይ የቀጠነ አሴቲክ አሲድ ይቀባል፤ ወጥ ቤታችን ያለው የኮምጣጤ ዓይነት ነው። ጤነኛ ያልሆነ ቦታ ካለ ወደ ነጭነት ይለወጣል። ውጤቱ እዚያው ይነገራል። ጤና ጣቢያዎችም ይሠራሉ። እኔን ያየችኝ ሲስተር ሥራዋን የጨረሰችው ለሻይ በሚበቃ ጊዜ ነው። ደህና ነሽ ተባልኩ። የታላቅ እህቴ ልጅ ደግሞ ይህን ካንሰር የሚያመጣውን ቫይረስ የሚከላከለውን ክትባት ትምህርት ቤት ተከትባለች። ክትባቱ በ2011 ዓ.ም ለ14 ዓመት ልጃገረዶች መሰጠት ሲጀመር ቤታችን ውስጥ “ያመክናል” የሚል ወሬ ገብቶ ነበር። ያኔ እኔም ዝም ብዬ ነበር። እህቴ ናት የልጇን እጅ ይዛ ያስከተበቻት።

አሁን የራሴ ሐኪም አለችኝ። ሴት ናት፣ እኔም ሴት መሆኗን እወደዋለሁ። አብዛኞቹ የማህፀን ሐኪሞቻችን ወንዶች ናቸውና ሴት የምትፈልግ ሴት ትንሽ መፈለግ ይኖርባታል። መብቷ ነው። እኔ ግን ከእማዬ ጋር ከዞርኩ በኋላ መጀመሪያ የማየው ሌላ ነገር ሆኗል። ሰውየው ወይም ሴትዮዋ የሚያናግሩት ማንን ነው? ወንድ ሐኪም ከሆነ ሲስተር ክፍሉ ውስጥ አለች? ከመንካቱ በፊት ይናገራል? “ሌላ አማራጭ አለ?” ብዬ ስጠይቅ ፊቱ ይቀየራል? ስልክ ደውዬ ዋጋውን አስቀድሜ እጠይቃለሁ፤ ይህን የሚቀየም ቤት አልሄድም። ቀዶ ሕክምና ከተባለ “የሚሠራው እርስዎ ራስዎ ነዎት? ይህን ብዙ ጊዜ ይሠራሉ?” እላለሁ። የመጀመሪያ ቀን ስጠይቅ ድምፄ ተንቀጥቅጦ ነበር። ሐኪሟ ግን ቁጭ ብላ መለሰችልኝ። ስሟን ለሚጠይቀኝ ሁሉ እነግራለሁ። ሻይ ሰዓት ላይ፣ ጮክ ብዬ። ስኳር የሚያማስለው ያማስል።

እማዬ የካቲት ላይ ወደ ቢቸና ተመለሰች። መናኸሪያ ስሸኛት ከሱቅ ሃይላንድ ውሃ ገዛሁላት። ተቀበለችኝና አውቶቡሱ ሳይነሣ ግማሹን ጠጣችው።

ባለፈው እሁድ ደወለች። መጀመሪያ ስለ ሕፃኑ ጠየቀች። ከዚያ ስለ ዝናቡ ነገረችኝ። ወንድሜ አሁን ውሃ እንደሚቀዳ፣ ጎረቤቱ መጀመሪያ እንደሳቀበት፣ በኋላ እንደለመደው። ሒሳቧ እያለቀ ሲመስለኝ ድምጿን ዝቅ አደረገች።

“ያ ኪሱን የገለበጠው ልጅ” አለችኝ፣ “የሚገባው ስንት ስንት ቀን ነው?”

“ምነው? አመመሽ?”

“እኔ ደህና ነኝ። ከፋሲካ በኋላ ሁለት ሴቶች ይዤ ልመጣ ነው። ቤትሽ ይበቃናል?”

“ይበቃል። እነማን ናቸው?”

“አንዷ አክስትሽ ናት” አለች። “ሌላዋን አትጠይቂኝ፤ ስትመጣ ራሷ ትነግርሻለች።”